«ዲክላይንድ» ካለ በኋላ፦ የ370 ራንዱ ይግባኝ የሚሰማው ማንን ነው?

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወር በገባ ቁጥር ሚሊዮኖች ኤስ አር ዲ ለሚባለው የመንግሥት ድጎማ ያቀረቡት ማመልከቻ ምን እንደሆነ ለማየት ስልካቸውን አውጥተው አንድ ገጽ ይከፍታሉ። የመታወቂያ ቁጥር ይሞላሉ፣ የስልክ ቁጥር ይሞላሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። «አፕሩቭድ» ካለ ገንዘቡ ይገባል። «ዲክላይንድ»፣ ማለትም ተከልክሏል፣ ካለ ግን ከሥሩ አንዲት ምክንያት ተጽፋለች፤ ሦስት አራት ቃል ብትሆን ነው። የወሩ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሳው ከዚያች መስመር ነው።

ነገሩ የእኛን ሰዎችም ይነካል። በጥገኝነት ወረቀት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እዚያ ብዙ ናቸው። ሱቁ የተዘረፈበት፣ ሥራ የቆመበት፣ ከዘመድ ጋር ተዳብሎ የሚያድር አይጠፋም። በመካከላቸውም ሦስት ነገር ሲባል ይሰማል። «ይሄ ለዜጋ ብቻ ነው» የሚል አለ። «ይግባኝ ብትል ለውጥ የለውም» የሚል አለ። «ሰው አለ፣ ትንሽ ከሰጠኸው ያስተካክልልሃል» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ስህተት ነው። የመጨረሻው ዘረፋ ነው፤ ማመልከቻውም ይግባኙም በነፃ ነው። የመካከለኛው ግን ግማሽ እውነት አለው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባዋል።

ገንዘቡ ከየት መጣ

ኤስ አር ዲ የሚሉት ለተቸገረ ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ የመንግሥት ድጎማ ነው። ሐሳቡ ቀድሞም ነበር፤ አደጋ ለደረሰበት ወይም የቤቱ አሳዳሪ ለሞተበት ቤተሰብ የሚሰጥ እርዳታ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መልክ የያዘው በኮቪድ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ የ500 ቢሊዮን ራንድ የድጋፍ እቅድ ሲያውጁ፣ ሥራ ለሌለውና ሌላ ድጎማ ለማያገኝ አዋቂ ሰው በወር 350 ራንድ ይሰጣል ተባለ። ያኔ የታሰበው ለጥቂት ወራት ነበር።

በ2021 ኤፕሪል ማብቂያ ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በክዋዙሉ ናታልና በጋውቴንግ ያ ሁሉ ዝርፊያና ሁከት ሲነሳ ግን ወዲያው ኦገስት ላይ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየተራዘመ ነው የሚኖረው። መጠኑ ለአራት ዓመት ሳይነቃነቅ ቆይቶ በኤፕሪል 2024 ወደ 370 ራንድ ከፍ አለ። ለቀን ሲካፈል 12 ራንድ ከሳንቲም ነው። አንድ ሙሉ ዳቦ አይገዛም።

ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሳሳ ነው፣ የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ኤጀንሲ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 60 የሆኑ፣ ገቢ የሌላቸው ሰዎች ያመለክታሉ። ዜጋ ብቻ አይደለም። ቋሚ ነዋሪና የታወቀ ስደተኛም ያመለክታል። ጥገኝነት ጠያቂዎች መጀመሪያ ላይ ተዘለው ነበር። መቀመጫው ኬፕታውን የሆነው የስካላብሪኒ ማዕከል ከሰሰ፣ በጁን 2020 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጸና ወረቀት ያላቸው ጥገኝነት ጠያቂዎችም ይገባቸዋል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ «አሳይለም፣ የጥገኝነት ወረቀት፣ የያዘ አያገኝም» የሚለው ወሬ ከዚያ ውሳኔ በፊት የቀረ ነው። እዚህ ላይ «የጸና» የሚለው ቃል ግን ቁልፍ ነው። የወረቀቱ ቀን ካለፈ በሆም አፌርስ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ መዝገብ ላይ ይታያል፣ ማመልከቻውም እዚያው ይቆማል።

ማሽኑ የሚያየው

ሳሳ አመልካቹን ቁጭ አድርጎ አይጠይቅም። ቤቱንም ሄዶ አያይም። የሚያደርገው ስሙንና ቁጥሩን በየወሩ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው። ሆም አፌርስ ጋ፣ በሕይወት አለ? ማንነቱ ይገጥማል? የሥራ አጥ መድን ፈንድ ጋ፣ ማለትም ዩ አይ ኤፍ፣ ስሙ አለ? የተማሪዎች ብድር ድርጅቱ ጋስ? የግብር መሥሪያ ቤቱ ጋ፣ የመንግሥት ደመወዝ መክፈያ ላይ፣ ማረሚያ ቤት? በመጨረሻም ባንክ ጋ፣ በዚህ ወር ስንት ገባለት?

ከእነዚህ አንዱ ላይ ስሙ ብቅ ካለ መልሱ «ዲክላይንድ» ነው።

ባንኩ ላይ ያለው ወሰን 624 ራንድ ነው፣ በወር። ይቺ ቁጥር በ2021 የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ያወጣት የምግብ ድህነት መስመር ነበረች፤ አንድ ሰው ለወር የሚበቃ ካሎሪ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ማለት ነው። መስመሩ በ2023 ወደ 760፣ በ2024 ወደ 796 ራንድ ከፍ ብሏል። የድጎማው ወሰን ግን 624 ላይ ቀርቷል። ስለዚህ በመንግሥት በራሱ ስሌት ምግብ መግዛት የማይችል ሰው፣ በመንግሥት በራሱ ደንብ «ገቢ አለው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። እንደ እኔ ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ለመከላከል በጣም የሚከብደው ይሄ ነው።

ባንኩ የሚያሳየው ደግሞ የገባውን ነው። ለምን እንደገባ አይናገርም። እንበል አንዲት ሴት ሥራ የላትም፣ ግን አካውንት አላት። አብረዋት የሚኖሩት አካውንት ስለሌላቸው የእቁባቸውን ገንዘብ በእሷ በኩል ያስገባሉ። 3 ሺህ ራንድ ጠዋት ይገባል፣ ከሰዓት ለባለ ዕጣው ይወጣል። እሷ እጅ ላይ አምስት ሳንቲም አልቀረም። ማሽኑ ግን 3 ሺህ ገባ ብሎ ይጽፋል፣ ሴትየዋም «ሌላ የገቢ ምንጭ ተገኝቷል» የሚል መልስ ታገኛለች። ወንድም ለቤት ኪራይ የላከው፣ የልጅ አባት ለልጁ ያስገባው፣ ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ፣ ሁሉም በዚሁ ዓይን ይታያል።

ዩ አይ ኤፍ ሌላው ወጥመድ ነው። ሰው ተቀጥሮ ሲሠራ አሠሪው ለፈንዱ ያስመዘግበዋል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አሠሪው ዩ አይ 19 በሚባል ቅጽ «ወጥቷል» ብሎ ማሳወቅ አለበት። ብዙ አሠሪ አያሳውቅም። ወይ ይረሳል፣ ወይ ድርጅቱ ተዘግቷል፣ ወይ አይመለከተኝም ይላል። ሰውየው ሥራ ካጣ ዓመት አልፎት በመዝገብ ግን እስከ ዛሬ ሠራተኛ ነው። በአካል ሥራ ፈት፣ በወረቀት ተቀጣሪ!

ማንነት አልተረጋገጠም የሚለው መልስ ሌላ ታሪክ አለው። አንዳንዴ እውነተኛ ስርቆት ነው። በ2024 ሁለት የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በድረ ገጹ አሠራር ላይ ክፍተት እንዳለ፣ ጨርሶ ባላመለከቱ ወጣቶች ስም ማመልከቻ ገብቶ እንደሚገኝ አሳይተው አገር ጉድ አሰኝተዋል። ሳሳም አጠራጣሪ ያላቸውን ሰዎች በስልክ በሚልክላቸው ማስፈንጠሪያ ፊታቸውን አስነስተው እንዲያረጋግጡ ማድረግ ይዟል። ስልኩ ካሜራ የሌለው፣ ዳታ የሌለው ሰው እዚህ ጋ ይቀራል።

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም

ለኢትዮጵያዊ አመልካች ከሌላው የተለየ ችግር አለ፣ ብዙም ሲነገርለት አልሰማሁም።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ቅጹ ግን «ሰርኔም» ይላል። በር ላይ ያለው ሠራተኛ አንዱ ጋ የአያትን ስም ይሞላል፣ ሌላው ጋ የአባትን፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ የራስን ስም መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ፊደሉም አለ። ተስፋዬ የሚለውን አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ይጽፋል፤ መጨረሻውን አንዱ በዋይ፣ ሌላው በአይ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ ባንኩ ጋ ያለው ስምና ሲም ካርዱ የተመዘገበበት ስም ሦስት ሰው ይመስላሉ። ለሰው ዓይን አንድ እንደሆኑ ግልጽ ነው። መዝገብ ለሚያስተያይ ፕሮግራም ግን ሦስት ሰው ናቸው።

የልደት ቀንም እንዲሁ። በእኛ አቆጣጠር 1985 የተወለደ ሰው አንዱ ቅጽ ላይ 1985 ብሎ እንዳለ ይሞላል፣ ሌላው ላይ ቀይሮ 1993 ይላል። ሲጠየቅ ሁለቱንም እውነቱን ነው የተናገረው። ሁለቱ መዝገቦች ሲገናኙ ግን አይታረቁም።

እንዲህ ያለው ሰው ይግባኝ ቢል በመዝገቡ ላይ ያለው ልዩነት ይግባኙ ላይም ይጠብቀዋል። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ባንኩ ጋ ያለው ስም ነው፤ ከሆም አፌርስ ይልቅ ባንክን ማስተካከል ይቀላል። ባንኩ ስሙን ወረቀቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ ስህተቱንም ጭምር እንዲይዘው ማድረግ። ያስቃል፣ ግን እውነት ነው።

ይግባኝ አለ፣ አቤት የሚባልበት ግን የለም

በእኛ ቋንቋ ይግባኝ ትልቅ ቃል ነው። ድሮ ሰው «ይግባኝ!» ብሎ ጮኾ ከዳኛ ዳኛ እየተሻገረ እስከ ንጉሡ ችሎት ይደርስ ነበር። ቆሞ ይናገራል፣ ምስክር ይቆጥራል። በቃሉ ውስጥ መሰማት የሚባል ነገር አለ።

የኤስ አር ዲው ይግባኝ እንደዚያ አይደለም። አቤቱታው ከሳሳ ወጥቶ ወደ ሌላ አካል ይሄዳል፤ በማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ሥር ያለ፣ ኢትሳ በሚል ምህጻር የሚታወቅ ገለልተኛ የማኅበራዊ ድጋፍ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ ደንቡ ላይ ነበር። በ2022 በወጣው ደንብ መሠረት ጉባኤው አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። የሚያደርገው ያንኑ ወር በእነዚያው መዝገቦች ደግሞ ማጣራት ነው። ሴትየዋ የእቁቡን ደብተር ፎቶ አንስታ ብትልክ የሚያይላት የለም። የባንክ መግለጫዋ ላይ ገንዘቡ በገባበት ቀን መውጣቱ ቢታይም ጉዳዩ አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፣ ከ624 በላይ ገብቷል ወይስ አልገባም?

«ይግባኝ ዋጋ የለውም» የሚሉት ሰዎች ታዲያ ይህንን ነው የሚሉት። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም ግን። የመጀመሪያው ማጣራት በራሱ የተሳሳተ ከነበረ፣ ለምሳሌ መዝገቡ ያኔ ያረጀ ሆኖ በኋላ ከታደሰ፣ ሁለተኛው ማጣራት ሌላ ውጤት ያመጣል። አሠሪው ዩ አይ 19ን ዛሬ ቢሞላና የወጣበትን ትክክለኛ ቀን ቢጽፍ፣ መዝገቡ ወደ ኋላም ይስተካከላል። ያኔ ይግባኙ የሚያገኘው የተለወጠ መዝገብ ነው። ስለዚህ ይግባኙ የሚረዳው ከመዝገቡ ጀርባ ሄዶ ምንጩን ላስተካከለ ሰው ነው። ምንም ሳይነካ ቁልፉን ለተጫነ ሰው ግን ማሽኑ ያንኑ መልስ ይመልስለታል።

ሌላም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ውሳኔው በየወሩ የሚሰጥ ነው፣ ይግባኙም በየወሩ ነው። ማርች ላይ ተከልክሎ ኤፕሪል ላይ የተፈቀደለት ሰው የማርቹ ገንዘብ በራሱ አይመጣለትም፣ ለማርች ብቻ ይግባኝ ማለት አለበት። ሦስት ወር ከተከለከለ ሦስት ይግባኝ ነው። ቀነ ገደቡም የሚቆጠረው ከእያንዳንዱ ወር ውሳኔ ስለሆነ፣ «ይከማችና አንድ ላይ አቀርባለሁ» ያለ ሰው የፊተኛው ያልፍበታል። መልሱ በመጣ ቀን ገጹን በስልክ ፎቶ አድርጎ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። ያቺ አጭር ምክንያት በኋላ ልትቀየር ትችላለች፣ ሲቀየር ደግሞ የፊተኛውን ማን ያምናል?

ሌላ የሳሳ ድጎማ አለዎት ተብሎ መመለስም አለ። በ2020 ለልጆቻቸው ድጎማ የሚቀበሉ እናቶች በዚህ ምክንያት ይከለከሉ ነበር፤ ከኦገስት 2021 ወዲህ ግን በልጅ ስም የሚመጣ ገንዘብ የእናቲቱን ማመልከቻ ማገድ የለበትም።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔና ክርክሩ

በጃንዋሪ 2025 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚህ ደንብ ላይ ከባድ ውሳኔ ሰጠ። ከሳሾቹ የኢኮኖሚ ፍትሕ ላይ የሚሠራ አንድ የጥናት ተቋምና «ፔይ ዘ ግራንትስ» የሚባል የድጎማ ጠያቂዎች እንቅስቃሴ ነበሩ። ዳኛ ትዋላ ከደንቡ በርካታውን ክፍል ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው አሉ። በኢንተርኔት ብቻ ማመልከት የሚለው ስልክና ዳታ የሌለውን ድሃ ያስቀራል። «ገቢ» የሚለው ትርጉም ሰፍቶ አንድ ጊዜ የመጣን የዘመድ እርዳታ ሁሉ ይውጣል። ይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ መከልከሉም አልተቀበሉትም። የገንዘቡ መጠንና የገቢ ወሰኑም ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሳይራመዱ መቅረታቸው ተነስቷል።

የመንግሥት ወገን ይህን አልተቀበለም፣ ይግባኝ ለማለት ተንቀሳቀሰ። እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን መስማት ያስፈልጋል።

የገንዘብ ሚኒስቴር ጭንቀት ቁጥር ነው። በየወሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይቀበላል። 8 ሚሊዮንን በ370፣ ከዚያ በ12 ወር ያባዙት፣ ከ35 ቢሊዮን ራንድ ያልፋል። ወሰኑ ወደ ምግብ ድህነት መስመር ከፍ ቢል፣ የዘመድ እርዳታ ገቢ መሆኑ ቢቀር፣ ማስረጃ በሰው ቢታይ፣ የሚገባው ሰው ቁጥር ይጨምራል፤ ዕዳ ላለበት በጀት ይህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ነጥባቸው ፍጥነት ነው። ከአሥር ሚሊዮን በላይ የሆነን ማመልከቻ በሰው ቃለ መጠይቅ ማጣራት አይቻልም፣ በወር ደግሞ ጨርሶ። ሦስተኛው ስርቆት ነው፤ በ2020 ገና ሲጀመር የመንግሥት ደመወዝተኞች ሳይቀሩ ሲከፈላቸው ዋናው ኦዲተር አግኝቷል። መዝገብ ማስተያየቱ ለዚህ የመጣ መፍትሔ ነው፣ ባዶ ጭካኔ አይደለም።

ተቃዋሚዎቹ የሚመልሱት፣ አንድ ሰው ሳይገባው ሲወስድ ይጮኻል፣ የሚገባው ሰው ሲቀር ግን ማንም አይሰማም የሚል ነው። በእነሱ አባባል ማጣሪያው ሌባን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን በጀቱ ውስጥ ለማስገባትም እያገለገለ ነው። በጀቱ መጀመሪያ ይወሰናል፣ ወንፊቱ በኋላ በዚያ ልክ ይጠባል።

እኔ የመንግሥትን የፍጥነት ክርክር ለመጀመሪያው ማጣራት እቀበለዋለሁ። ሚሊዮኖችን በማሽን ካላዩ በምን ያያሉ? ይግባኙ ላይ ግን አይሠራም። ይግባኝ ያለ ሰው ከሚሊዮኑ ተነጥሎ «እኔን እዩኝ» ያለ ሰው ነው። እዚያም መልሶ ለማሽን ከተሰጠ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ነገር ትርጉሙ ምኑ ላይ ነው? ወጪ ከከበደ እንኳ የባንክ መግለጫና ቃለ መሐላ ተቀብሎ ማየት ችሎት መክፈት አይጠይቅም። አፊዳቪት የሚሉት ቃለ መሐላ በማንኛውም ፖሊስ ጣቢያ በነፃ ይፈጸማል።

ውሳኔው ከጸና የሚለወጠው ብዙ ነው። የእቁብ ደብተሩ ዋጋ ያገኛል፣ በአካል ሄዶ ማመልከት ይፈቀዳል፣ ጉባኤውም ሰው መቅጠር ሊኖርበት ነው። ከተሻረ ደግሞ ሁሉም ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ከሁለቱም በላይ ያለው ጥያቄ ድጎማው ራሱ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ቤዚክ ኢንካም፣ ማለትም ለሥራ ፈት አዋቂ ሁሉ የሚከፈል ቋሚ መሠረታዊ ገቢ ይሁን የሚለው ክርክር ከ2020 በፊትም ነበር፤ ኤስ አር ዲ በየዓመቱ እየተራዘመ የቆየውም መንግሥት ይህን ለመወሰንም ለማቆምም ስላልደፈረ ይመስላል።

ጉባኤውም እምቢ ካለ

ከኢትሳ በኋላ ሌላ የቢሮ በር የለም። የሚቀረው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔው እንዲመረመር መጠየቅ ነው። ለ370 ራንድ ጠበቃ ቀጥሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው የለም፣ የትራንስፖርቱ ብቻ ይበልጣል። ለዚህ ነው እንደ ብላክ ሳሽ ያሉ የመብት ድርጅቶች ተመሳሳይ ቅሬታ ያላቸውን ሰዎች ታሪክ የሚሰበስቡት። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ቢሄድ የማይረባ የሚመስል ጉዳይ፣ መቶ ሰው ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲደገም የደንብ ጥያቄ ይሆናል። በ2020 ለጥገኝነት ጠያቂዎች በሩን የከፈተው ክስም፣ የ2025ቱ ውሳኔ የተሰጠበትም በድርጅቶች በኩል ነው ፍርድ ቤት የደረሱት። ከተከለከለ ሰው ስልክ ውስጥ የተቀመጠች የ«ዲክላይንድ» ገጽ ፎቶ፣ ቀኑና ምክንያቷ የሚነበብ ከሆነ፣ እዚያ ስትደርስ ማስረጃ ናት።